መስኮት ቆጠራ

ሪፖርቱ ይላል፦ «ዕቅድ፣ ሁለት ሺህ ቤት። ክንውን፣ ሺህ አምስት መቶ።»
ሰባ አምስት በመቶ፣ በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ።
ቤት ይመታል እንደ ግጥም፤ ሲያነቡትም ደስ ይላል፤
ቤት መምታትና ቤት መግባት ግን፣ እኔ እስከማውቀው፣ ይለያያል።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ክትትልና ግምገማ፤
«ተጠራጠር» ብላ ደሞዝ የምትከፍለኝ ከተማ
ስጠራጠር ታኮርፋለች።

ማክሰኞ በባጃጅ ወጣሁ፣ ወደ ዘንዘልማ መንገድ፣
ቅጽ ሰባትን በክላሴር፣ ሜትሬን በኪሴ ይዤ፤
ኮብልስቶኑ ካለቀበት ዋልካው ጫማዬን ሲወስድ
ቆምኩ በአንድ እግሬ ፈዝዤ።

ብሎክ አንድ ቆሟል። ጣሪያ አለው፤ በር አለው፤ ቧንቧም አለው።
ቧንቧውን ከፈትኩት፤ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰና ተወው።

ብሎክ ሦስት፣ መስከረም ላይ መሠረቱ ሲወጣ «ሃያ አራት» ተባለ፤
ጥር ላይ ቆርቆሮ ሲለብስ እንደ አዲስ «ሃያ አራት» ተባለ፤
ሰኔ ላይ ቁልፉ ሲሰጥ፣ በጭብጨባ፣ «ሃያ አራት» ተባለ።
አንዲት እናት፣ አንድ ልጅ፣
ሦስት ጊዜ ክርስትና የተነሣ።

ሙጨ፣ ዘበኛው፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተነሣ፦
«ባለ ዕጣዎቹን ነው? አላውቃቸውም ጌታው።
ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ይመጣሉ፣ ግድግዳ ያንኳኳሉ፣
እንደ በሬ ገዢ ጥርስ አይተው፣ ዋጋ ተጠራርተው ይሄዳሉ።
ሌሊት እኔው ነኝ፤ ለሁለት መቶ አርባ ቤት አንድ ጎረቤት።»

ከዚያ ወደ ሐይቁ። ጎጆዋ ከነበረበት
አሁን የእግረኛ መንገድ አለ፣ ዘንባባ የተተከለበት።
ዘይነባ ደንገል ትጎነጉናለች፣ ጀርባዋን ለአግዳሚ ወንበሩ ሰጥታ።
በዕቅዱ ገጽ አርባ ላይ ስሟ «ተነሺ» ነው። ተነሣች።
የት እንደተቀመጠች የሚጠይቅ ሣጥን ቅጹ የለውም።

«ተመጣጣኝ ዋጋ ነው» አልኳት፣ ወረቀቱ እንዳለኝ።
«ከማን ጋር ነው ያመጣጠናችሁት?» ብላ ጠየቀችኝ።
በጣቷ አሰላች፦ ቅድመ ክፍያው ስልሳ ሺህ፣ አንዱ ሰሌን ሁለት መቶ ብር፤
ሦስት መቶ ሰሌን። ደንገሉን ደግሞ እምቦጭ በላው።
«ጣናን ዙሪያውን ባጭደው፣ በሩን ብቻ ይገዛልኝ ይሆናል።»
እውነቷን ይሁን አይሁን አላሰላሁም። ጻፍኩት።

ወይዘሮ ይመኙሻል፣ አለቃዬ፣ «በሩ ላይ ቁጥር ካለ ቤት ነው» ትላለች።
ክፉ ሰው አይደለችም፤ እሷም ወደ ላይ በመቶኛ ትጠየቃለች።
እኔም ተከራይ ነኝ፣ ሽምብጥ፤ አከራዬ በየስድስት ወሩ
«ኑሮ ተወደደ» ትለኛለች፣
ኑሮውን ያስወደድኩት እኔ ይመስል።

ስለዚህ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለስኩ፣ ብቻዬን፣
የበሩን ቁጥር ትቼ፣ መስኮት መስኮቱን ላደክምበት ዓይኔን።
ቤት ማለት ማታ የሚበራ ነው፤ ይህ የራሴ መለኪያ ነው፣
በመመሪያው የለም።

ዘጠኝ… አሥራ ሰባት… ሠላሳ ላይ ስደርስ
መብራት ጠፋ።
ከተማው ሙሉ። ብሎኩም ሆቴሉም በአንድ ጨለማ ተካከሉ፤
ለአንድ አፍታ ፍትሕ የወረደ መሰለኝ።
እንቁራሪቶች ብቻ ይቆጥራሉ፣ የማይደመር ቁጥር።
የትንኝ ቀለብ ሆኜ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ።
ተመለሰ። ከዜሮ ጀመርኩ።
አርባ አንድ።
ከሁለት መቶ አርባ።

ልሄድ ስል፣ ብሎክ ሰባት ምድር ቤት፣ ገና ባልተለሰነው፣
መስኮት በሌለው መስኮት፣ የኩራዝ ነበልባል ተወዛወዘ።
ሙጨ ነው፤ ሽሮውን ያማስላል።
ዕጣ የለው፣ ውል የለው፤ ግን ከሁሉ ቀድሞ ገብቷል።

እስኪርቢቶዬ ቆመ። አርባ ሁለት ልበል?
በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት፣ ማጥፋት ለፈለገ እንዲቀለው።
ነገ ጠዋት ወይዘሮ ይመኙሻል
ላጲስ ታነሣ እንደሆነ፣ ስልክ ታነሣ እንደሆነ፣
አላውቅም።